ጠብቆ ወይስ ላልቶ? ስለ አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ ለልኬት ተቋሙ የበላይ ኃላፊ የቀረበ ምስጋና

ማክሰኞ፣ የካቲት ፲፩ ቀን። ዕድሜዬ ሰባ ስምንት ዓመት ከአራት ወር ከሦስት ቀን።

ለክቡር የሰው ጠባይ ጥናትና ልኬት ተቋም የበላይ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ፤ በተለይም መንጋጋዎ፣ የጎድን አጥንትዎና የፊት ጥርሶችዎ ባሉበት ጸንተው እንዲኖሩልዎ ከልቤ እመኛለሁ። ጤናን እንዲህ በብልት በብልቱ ለይቼ መመኘቴ ቢያስገርምዎ አይፍረዱብኝ፤ በእኛ ቤት ዘንድሮ ጤና በጅምላ መመኘት የቀረው በየተራ ሲሰበር በማየታችን ነው።

እኔ አርባ አንድ ዓመት በአንድ ማተሚያ ቤት በአራሚነት ያገለገልሁ ጡረተኛ ነኝ። ሥራዬ የሰው ስህተት ማደን ነበር። ስለዚህ የተቋምዎን መጠይቅ እንደ ተራ ሰው ለማንበብ ብሞክር ብሞክር አልሆነልኝም፤ ያረጀ ውሻ ሌባ ሲሸተው ጥርስ ባይኖረውም ይነሳል። ተቋምዎ ቁጥር እንደሚወድ ስለማውቅም ምስጋናዬን በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ።

፩ኛ. ልጄን ስለ ለኩልኝ አመሰግናለሁ።

ልጄ ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ የአሳንሰር መካኒክ ነው፤ ለሽማግሌ ከመቀመጫው የሚነሳ፣ የጎረቤት ዕቃ ተሸክሞ አምስተኛ ፎቅ የሚያደርስ፣ ሲያስነጥስ እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው በመሆኑ ሰፈሩ «ጨዋው» ይለዋል። ይህ ጨዋ ሰው ባለፈው መስከረም በምሳ ሰዓት ወደ ቤቱ ሲገባ ሚስቱን በስልክ ስትስቅ አገኛት። የሳቀችው በእርሱ መሰለው። ከሥራ ቦርሳው የብረት መፍቻውን አወጣና ፊቷን መታት፤ ስትወድቅ መታት፤ ወድቃም መታት። ሐኪሙ «ቢያንስ አራት ጊዜ» ብሎ ጽፏል፤ ሐኪም ጠንቃቃ ነውና ከአራት በኋላ ያለውን ለእግዜር ትቶታል። እኔ ስደርስ ግድግዳው ላይ ያለው ደም ገና ይወርድ ነበር። የሰባት ዓመቷ የልጅ ልጄ ጠረጴዛው ሥር ተንበርክካ፣ ከወለሉ የለቀመቻቸውን ሁለት የእናቷን ጥርሶች በእርሳስ መያዣዋ ውስጥ ታስቀምጥ ነበር። «አባባ፣ ሐኪሙ መልሶ ይተክላቸዋል አይደል?» አለችኝ።

ጨዋው ለፖሊስ «ቀድማ የተነሳችብኝ እሷ ናት፤ ሁልጊዜም እንደዚህ ናት፤ እኔ ራሴን ነው የተከላከልሁት» አለ፤ ይህንንም ያለው ቆሞ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ነበር። የቤተሰብ ፍርድ ቤቱም ተደባዳቢው የትኛው እንደሆነ በሳይንስ ይለይ ብሎ ባልና ሚስቱን ወደ ተቋምዎ ላከ፤ የልጅቷ አሳዳጊ ማን እንደሚሆን የሚወሰነውም በእናንተ ወረቀት ሆነ።

በተቋምዎ ለልጄ ንጹሕ ክፍል፣ የተቀረጸ እርሳስና «የቤት ውስጥ ተደባዳቢነት መለኪያ» የተባለ አርባ ጥያቄ ያለው መጠይቅ ተሰጣት። መንጋጋዋ በሽቦ ታስሮ ስለነበር መናገር አትችልም፤ ስለዚህ ማንም ጮኾ አላነበበላትም፣ እርሷም ማንንም አልጠየቀችም። ከአሥራ ሰባተኛው እስከ ሃያኛው ያሉት ጥያቄዎች እንደሚከተለው ይነበባሉ፤ የቀሩትም አምሳያዎቻቸው ናቸው፤ አንዲት ፊደል አልጨመርሁም፦ «በቤትዎ ውስጥ ይመታሉ? በቤትዎ ውስጥ ይገፋሉ? በቤትዎ ውስጥ ይጠላሉ? በቤትዎ ውስጥ ይፈራሉ?»

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎትና ጽሕፈታችን መጥበቅንና መላላትን እንደማያሳይ ማስታወስ ድፍረት ይሆንብኛል፤ ነገር ግን እደፍራለሁ። «ይመታሉ» ላልቶ ሲነበብ ሌላውን ይመታሉ ማለት ነው። ጠብቆ ሲነበብ ሌላው እርስዎን ይመታዎታል ማለት ነው። ይገፋሉም ይጠላሉም እንደዚያው ናቸው። «ይፈራሉ» ግን ጠባዩ ግልብጥ ነው፤ ሲላላ ፈሪው እርስዎ ነዎት፣ ሲጠብቅ ፈሪው ሌላው ሰው ነው። የእርስዎ መጠይቅ ጸሐፊ ዱላ ይዞ ነበርና የሚጽፈው፣ ሦስቱን አላልቶ አራተኛውን አጥብቆ ጠየቀ። ልጄ ዱላ ያረፈባት ነበረችና ሦስቱን አጥብቃ አራተኛውን አላልታ መለሰች። ለአራቱም «ሁልጊዜ» በሚለው ላይ ምልክት አደረገች። እውነቷን ነው።

ባሏ ለአራቱም «በፍጹም» አለ። አጥብቆ አንብቦት ከሆነ እውነት ነው፤ አላልቶ አንብቦት ከሆነ ውሸት ነው፤ ድምሩ ግን በሁለቱም መንገድ ዜሮ ነው። ልበ ንጹሕንና ነፍሰ ገዳይን በአንድ ወንበር የሚያስቀምጥ መለኪያ ስለሠሩልን ደግሜ አመሰግናለሁ። በዚሁ መሠረት ልጄ «ከፍተኛ ተደባዳቢ»፣ ጨዋው «ዝቅተኛ» ተባሉ፤ የልጅ ልጄም ለአባቷ ተሰጠች። እናቷ በሳምንት አንድ ሰዓት፣ በጥበቃ ሠራተኛ ፊት ብቻ እንድታያት ተፈቀደላት። ያለ ጥበቃ እንዳትቀርባት የሚከለክለው ትእዛዝ ከፎቶግራፏ ጋር ለልጅቷ ትምህርት ቤትና ለአካባቢው ሆስፒታል ተበተነ።

፪ኛ. ለአቤቱታዬ መልስ ስለ ሰጡኝ አመሰግናለሁ።

መልስዎ አንድ ገጽ ተኩል ነው፤ ፊርማዎ ብቻ የገጹን ሩብ ይዟል። «የመለኪያችን አስተማማኝነት ከአንድ ዜሮ ነጥብ ዘጠና ሦስት መሆኑ በጥናት ተረጋግጧል» ይላል። ማስረጃዎ ሦስት ነው፦ ጥያቄዎቹ እርስ በርሳቸው ተስማምተዋል፤ ለአንዱ «ሁልጊዜ» ያለ ለሌላውም «ሁልጊዜ» ብሏል። ልጄም በሦስት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ተለክታ ያንኑ ውጤት አስመዝግባለች። ወረቀቷን የደመሩት ሁለት ባለሙያዎችም በአንዲት ነጥብ እንኳ አልተለያዩም።

በእኔ የሥራ ዘመን አንድ ጊዜ የአንድ መጽሐፍ ገጽ «ወንድሙን አዳነ» በማለት ፈንታ «ወንድሙን አደነ» ተብሎ በሦስት ሺህ ቅጂ ታተመ። ሦስቱም ሺህ ቅጂዎች ፍጹም ይስማሙ ነበር። አለቃችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «ቅጂው ሁሉ ከተስማማ ስህተት የለበትም» አላሉም፤ ሦስቱንም ሺህ በጓሮ አቃጠሉት፣ እኔንም በዚያ እሳት ፊት አቆሙኝና «ስምምነት እውነት አይደለም፤ ሌቦችም ቃላቸው አንድ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ አንድም ገጽ በዓይን ብቻ ታርሞ አይታተምም ነበር። አንዱ ጮኾ ያነብባል፣ ሌላው በጣቱ ይከተላል፣ አጠራጣሪ ቃል ሲመጣ ከፊደሉ ራስ ላይ ሁለት ነጥብ ይቀመጣል፣ ጠብቆ ይነበብ ዘንድ። ሁለት ነጥብ፣ ክቡር ሆይ! የዝንብ እግር ያህል ቀለም።

ልጄ በሦስት ሳምንቱ ያንኑ መልስ መስጠቷን በተመለከተ ግን አንድ ነገር ላርምዎ። ስድስት ዓመት ሙሉ የተደበደበች ሴት «ይመታሉ?» ተብላ በማንኛውም ሳምንት ብትጠየቅ መልሷ ያው ነው። ይህ ጽናት የመለኪያዎ ሳይሆን የአማቼ ክንድ ነው፤ ዜሮ ነጥብ ዘጠና ሦስቱን ለባለቤቱ ይመልሱለት።

፫ኛ. እኔንም ስለ ለኩኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

ፍርዱ በተነበበበት ቀን፣ በኅዳር፣ ጨዋው በፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ቀረበኝና እጁን ዘርግቶ «አባቴ፣ ቂም አይያዙብኝ፤ ልጅቷን ለማየት ሲመጡ ቤቴ ቤትዎ ነው» አለኝ። ሌላኛው እጁ የልጅ ልጄን አንገት ከኋላ ይዞ ነበር፤ እንደ መፍቻ እጀታ ነው የያዛት። ጃንጥላዬን በሁለት እጄ አንስቼ በብረት እጀታው ግንባሩን መታሁት። ሲያጎነብስ ማጅራቱን መታሁት። ሦስተኛውን ጆሮው ላይ አሳረፍሁ፤ ጃንጥላው ተሰበረ፣ በስባሪውም አራተኛ ጨመርሁለት። ደሙ በነጭ ሸሚዙ ላይ ሲወርድ አየሁ፤ ሰባት ስፌት ተሰፋ። ይህን በአደባባይ የምጽፈው ለመመካት አይደለም፤ ለመጸጸትም አይደለም። ለልኬት ሳይንስ ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ነው።

ፖሊስም ወደ ተቋምዎ ላከኝ፤ ያው እርሳስ፣ ያው መጠይቅ። እኔ ልማዴ ሆኖ አሥራ ሰባተኛውን ጥያቄ አጥብቄ አነበብሁት። በቤቴ ማን ይመታኛል? ሚስቴ ከሞተች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል፣ በሕይወቷም ዝንብ አባርራ አታውቅም። «በፍጹም» ብዬ መለስሁ። የገፋኝ የለም፣ የሚጠላኝም ከአንድ ሰው በቀር የለም፣ ፍርሃቴንም ከጥርሴ ጋር አራግፌያለሁ። በሦስተኛው ቀን «ሰላማዊ፤ የቁጣ ዝንባሌ የማይታይበት» የሚል የምስክር ወረቀት በማኅተም ደረሰኝ። ከቤተሰባችን ሦስት ሰው ለክታችሁ ሦስቱንም በተቃራኒው አገኛችሁ። በዘፈቀደ የሚገምት ሰው እንኳ አንዱን ያገኝ ነበር፤ ሦስቱንም መሳት ሥልጠና ይጠይቃል።

፬ኛ. ምርምር ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

ከቤቴ ሥር ባለው ፀጉር አስተካካይ ሱቅ መጠይቅዎን ይዤ ገባሁና በሱቁና በደጃፉ ለነበሩ አሥራ አራት ወንዶችና ሴቶች አሥራ ሰባተኛውን ጥያቄ ጮኸው እንዲያነቡ ሰጠኋቸው። ዘጠኙ አላልተው፣ አምስቱ አጥብቀው አነበቡት። ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር ወረቀቱን ከዓይኑ አራቀ፣ አቀረበ፣ ከዚያም «አባባ፣ ይሄ ነገር ለኔ ነው የተጻፈው ወይስ ለሚስቴ? ለኔ ከሆነ አዎ፣ ትመታኛለች፤ ግን እንዳይጻፍብኝ» አለ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እየሳለ «ዝም በል፤ አንተን የምትመታ ሴት ካለች እኔ በነጻ ነው የማስተካክላት» አለው፤ ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። በሳምንቱ ያንኑ ወረቀት ለእነዚያው ሰዎች ስሰጥ አራቱ ንባባቸውን ቀየሩ፤ ከአራቱም አንዱ ሹፌሩ ነበር። ይህን የመሰለ መለዋወጥ በእናንተ ቋንቋ ምን እንደሚባል እርስዎ ያውቃሉ፤ በእኛ ቋንቋ ጨረቃን በወንፊት መለካት ይባላል።

አጥብቀው ካነበቡት አምስት ሰዎች አራቱ ሴቶች ነበሩ። አንዷ ጎረቤቴ አዋላጇ ናት። ወረቀቱን አንዴ አነበበችው፤ አጠፈችው፤ መለሰችልኝ። «ጋሼ፣ ይሄን የጻፈው ሰው ተመትቶ አያውቅም» አለች።

፭ኛ. የልጅ ልጄን ስለ ጠየቁልኝ አመሰግናለሁ።

የፊታችን ዓርብ ፍርድ ቤቱ የአሳዳጊነቱን ነገር ለመጨረሻ ጊዜ ይወስናል። ለዚያ ይሆን ዘንድ በጥር ወር አንዲት ባለሙያዎ የልጅ ልጄን አነጋግራለች፤ ሪፖርቷም «አባትሽ ይመታል? ለሚለው ጥያቄ ሕፃኗ ያለ ማመንታት አይመታም ስትል መልሳለች» ይላል። ይህን ሳነብ ልጅቷ ፈርታ ዋሸች ብዬ አለቀስሁ። በሳምንቱ እናቷን ተከትዬ በሄድሁበት የጉብኝት ሰዓት ግን እርሷው ራሷ ነገረችኝ፤ እየሳቀች። «አባባ፣ ያቺ ሴትዮ እኮ ታስቃለች። አባትሽ ይመታል ወይ አለችኝ። አባዬን ማን ይችለዋል? አይመታም አልኳት!»

አጥብቃ ነው የተናገረችው። በዚህ አርባ አንድ ዓመት በሠለጠነ ጆሮዬ ሰማሁት። ባለሙያዎ ከወረቀት አጥብቃ አነበበች፣ ሕፃኗ አጥብቃ መለሰች፣ ወረቀቱ ግን ምንም አያጠብቅምና አላልቶ ወደ ዳኛው ሄደ። አባቷን የሚመታው ጉልበተኛ በዓለም ላይ የለም ብላ የመሰከረች ልጅ፣ አባቷ አይደባደብም ብላ የመሰከረች ሆና በመዝገብ ተቀመጠች። ክቡር ሆይ፣ የሰው ልጅ ቋንቋ ከፈጠረ ጀምሮ አንድ ሕፃን በራሱ እውነት እንዲህ የታነቀበት ጊዜ ይኖር እንደሆነ አላውቅም።

ይህንንም ለተቋምዎ በቃል ሳስረዳ፣ ጸሐፊዎ በትሕትና «መጠይቁ በታተመ ጥናት የጸደቀ ስለሆነ አይነካም» አሉኝ። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለውን አባባል እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ እንደ ተረት ነበር የማውቀው። የሥራ መመሪያ አድርጎ የሚጠቀምበት ተቋም መኖሩን ያወቅሁት በዚያን ቀን ነው። ለዚያውም የሚጠፋው የእርስዎ ልጅ አይደለም፤ ሰው በሰው ልጅ ቃሉን ሲጠብቅ እንዴት ይቀልለዋል!

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። እስከ ዓርብ ድረስ የልጄንና የልጅ ልጄን ሪፖርት በፊርማዎ ይሻሩ። ምክንያቱን መጻፍ ካሳፈረዎ «የማተሚያ ቤት ስህተት» ብለው ይጻፉ፤ ሙያዬ ነውና ነውሩን እኔ እሸከማለሁ። የሞቱት አለቃዬም አይቀየሙም። እኔ ልጄ ትክክለኛ ነጥብ እንድታገኝ አልለምንም፤ ሰው ነጥብ ሳያገኝም ይኖራል። የምለምነው ያቺ ትንሽ አንገት ከዚያ እጅ እንድትወጣ ነው።

ውድ ጊዜዎን በማባከኔ ይቅርታዎን እየለመንሁ፣ ወንበርዎ ሳይነቃነቅ፣ ማኅተምዎ ሳይደርቅ፣ በሮችዎም ከአቤት ባይ ተጠብቀው ብዙ ዘመን እንዲኖሩ እየተመኘሁ፣ በራስዎ ማኅተም ሰላማዊነቴ የተረጋገጠልኝ፣

ታዛዥዎ፣
የልብስ ሰፊዋ አባት፣ የቀድሞ አራሚ

ግልባጭ፦
ለቤተሰብ ፍርድ ቤቱ፤ ጮኸው እንዲያነቡት።
ለአዋላጇ፤ መልሱን ቀድማ ስለምታውቅ።
ለጨዋው፤ ከፈለገ አላልቶ፣ ከፈለገ አጥብቆ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፖስታውን በማዘጋጅበት ሰዓት ልጄ ከሆስፒታል ደወለች። የልጅ ልጄ ዛሬ ጠዋት የግራ ክንዷ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ገብታለች። አባቷ «ከደረጃ ወድቃ» የሚል ቅጽ ሞልቶ፣ ነርሶቹን አመስግኖ ወደ ሥራው ሄዷል። ክንዷን ያሰረችላት ነርስ አርባ ጥያቄ አልነበራትም፤ «ማነው የመታሽ?» አለቻት። ልጅቷም «አባዬ» አለች፤ ነርሷም ለልጄ ደወለችላት። ይህ ጥያቄ እንዴትም ቢያነቡት አይገለበጥም፤ ለመጠይቅዎ አርባ አንደኛ አድርገው ቢያስገቡት ከእኔ በነጻ የተሰጠ ነው። ልጄ ግን እስካሁን ድረስ ከክፍሉ ውጭ ቆማለች። በር ላይ ያለው የጥበቃ ሠራተኛ ፎቶግራፏን ከትእዛዙ ጋር አስተያይቶ «እህቴ፣ እኔም ልጆች አሉኝ፤ ግን አደገኛ ነሽ ይላል» ብሎ ስለ ከለከላት፣ በመስታወት በኩል እያየቻት ነው። ልጅቷ በደኅናው እጇ እንድትገባ ትጠራታለች፤ እናቷ ለምን እንደማትገባ ማንም አላስረዳትም። ከተቋምዎ እስከ ሆስፒታሉ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው፤ እኔ በሰባ ስምንት ዓመቴ ነው የለካሁት። እስክሪብቶ ይዘው ይምጡ። ይህን ጨምሬ ደብዳቤውን አሽገዋለሁ፤ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ እልከዋለሁ።